ዝንጅብል፦ ከህንድ ባህላዊ ሕክምና እስከ ሐዋሳ ፒያሳ

በሐዋሳ ከተማ ፒያሳ አካባቢ ሻይ በዝንጅብል የማያቀርብ ሻይ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ጉንፋን የያዘው ሰው ከማርና ከሎሚ ጋር ያዝዘዋል፤ ሆዱን የቆረጠውም እንዲሁ፤ ደኅና የሆነው ደግሞ ለጣዕሙ ብቻ ይጠጣዋል። ቁርጥ ሥጋ በሚበላባቸው ቤቶች የወላይታ ዳጣ ይቀርባል፤ በውስጡም ከቃሪያውና ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር የተፈጨ ዝንጅብል አለ። በየቤቱም በርበሬ ሲዘጋጅ፣ ቅቤ ሲነጠር፣ ዶሮ ሲሠራ ዝንጅብል ከማጀት አይጠፋም።

እንዲህ የተለመደ ነገር ታሪክ ያለው አይመስልም። ይሁን እንጂ ዝንጅብል ከእስያ ተነስቶ በሰው እጅ ብቻ እየተቆረሰ እዚህ የደረሰ፣ በሀገራችን ደቡብ የብዙ ቤተሰብ የገንዘብ ምንጭ የሆነ፣ ከዚያም በ2004 ዓ.ም. ክረምት በወረርሽኝ ከብዙ ማሳ የጠፋ ሰብል ነው። ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲታይ በአንድ ነገር ላይ ያርፋል፤ እርሱም ዘር ነው። በዚህ የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ማቅረብ ያስፈለገውም ስለዚሁ ነው።

ስሙ የሚናገረው ታሪክ

በደቡብ ህንድ በሚነገሩት በታሚልና በማላያላም ቋንቋዎች ዝንጅብል «ኢንጂ» ይባላል። የህንድ ጥንታዊ የጽሑፍ ቋንቋ የሆነው ሳንስክሪት «ሽሪንጋቬራ» ይለዋል፤ ይህም ቀንድ መሳይ አካል ያለው ማለት ነው ተብሎ ይተረጎማል። ዝንጅብልን ከነቅርንጫፉ አውጥቶ ያየ አርሶ አደር ስሙ ለምን እንደወጣለት አያጣውም። ከዚያ ግሪኮች «ዚንጊቤሪስ»፣ ሮማውያን «ዚንጊበር»፣ አረቦች «ዘንጀቢል» አሉት። የእኛ «ዝንጅብል» እና የኦሮምኛው «ጂንጅብላ» የዚሁ ስም ዘመዶች ናቸው። ስሙ በነጋዴ አፍ፣ ሥሩ በነጋዴ ጆንያ አብረው ተጉዘዋል።

ዝንጅብል ዛሬ በየትም ሀገር በዱር በቅሎ አይታወቅም። አበባ ቢያወጣም ፍሬ የመያዙ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። የሚራባው ሥር በምንለው፣ በትክክሉ ግን ከመሬት በታች በሚያድገው ግንዱ ነው። ሰው ዓይን ያለበትን ቁራጭ ቆርሶ ካልተከለው በቀር ራሱን ችሎ አይዛመትም። በመሆኑም ዛሬ ፒያሳ ላይ በሻይ የሚጠጣው ዝንጅብል በጥንት ዘመን ሰው ቆርሶ የተከለው የዚያው ተክል ቀጣይ አካል ነው ማለት ይቻላል። ይህ ጠባዩ ሰብሉን ከሀገር ሀገር ያደረሰው ሲሆን፣ ወደፊት እንደሚታየው የጥፋቱም በር የሆነው ይኸው ጠባይ ነው።

በህንድ ሕክምና ውስጥ ያለው ቦታ

አዩርቬዳ የሚባለው የህንድ ባህላዊ ሕክምና ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ የቆየ ሲሆን፣ የስሙም ትርጉም የሕይወት ዕውቀት ማለት ነው። ቻራካና ሱሽሩታ በተባሉት ሊቃውንት ስም የሚጠሩት የሕክምናው ጥንታዊ መጻሕፍት ዝንጅብልን ደጋግመው ያነሡታል። ከስሞቹ አንዱ «ቪሽዋበሻጃ» ነው፤ ለሁሉ የሚሆን መድኃኒት ማለት ነው። ምግብ አልፈጭ ላለው፣ ለሳል፣ ለጉንፋንና ለመገጣጠሚያ ሕመም ያዙታል።

የህንድ ሐኪሞች እርጥቡንና ደረቁን ዝንጅብል እንደ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ይቆጥሯቸው ነበር። እርጥቡን «አርድራካ»፣ ደረቁን «ሹንቲ» ይሏቸዋል። ይህ ልዩነት በዘመናዊ ሳይንስም ተደግፏል። እርጥብ ዝንጅብል የሚያቃጥለው ጂንጀሮል በሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ሲደርቅ ከጂንጀሮሉ ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ሾጋኦል ደግሞ ከበፊቱ ይበልጥ ያቃጥላል። ደረቅ ዝንጅብል በጥቂቱ የሚበቃው ለዚህ ነው።

በአዩርቬዳ ከታወቁት ቅልቅሎች አንዱ «ትሪካቱ» ይባላል፤ ሦስቱ የሚያቃጥሉ ማለት ነው። እነርሱም ደረቅ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና ረጅም ቁንዶ በርበሬ ናቸው። የሀገራችን እናቶች ይህን ስም ባይሰሙትም ነገሩን ያውቁታል። በደቡብ ምዕራብ ደኖች የሚለቀመው ጥምዝ የዚያ የህንዱ ረጅም ቁንዶ በርበሬ የቅርብ ዘመድ ነው። ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል ደግሞ ከሀገራችን ማጀት አይታጡም።

በዚህ ዘመን በተደረጉ ጥናቶች ዝንጅብል በተለይ ማቅለሽለሽን፣ ከዚህም ውስጥ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣውን፣ በመቀነስ ረገድ ጥሩ ማስረጃ አግኝቷል። ይህ ማለት ግን ለማንኛውም ሕመም ሐኪምን ይተካል ማለት አይደለም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ዝንጅብል ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ይገባዋል።

ወደ ሀገራችን አመጣጡ

በአንደኛው መቶ ዘመን የኖረው ግሪካዊው የመድኃኒት ሊቅ ዲዮስቆሪዴስ ዝንጅብል በአረብ ሀገርና በቀይ ባሕር አፍሪካ ዳርቻ እንደሚበቅል ጽፏል። ለዚህ አባባሉ ምክንያት የሆነው የንግዱ መንገድ ሳይሆን አይቀርም። የህንድ ቅመማ ቅመም ወደ ሮም ገበያ የሚደርሰው በቀይ ባሕር በኩል ስለነበረ፣ ገዢዎቹ ዕቃው የተጫነበትን ወደብ እንደ በቀለበት ሀገር መቁጠራቸው አያስገርምም። የአክሱም መንግሥት ወደብ የነበረው አዱሊስም በዚሁ የንግድ መስመር ላይ ይገኝ ነበር።

ተክሉ ራሱ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባው በ13ኛው መቶ ዘመን በአረብ ነጋዴዎች አማካይነት እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ዝንጅብል በአረቦች ዘንድ የተከበረ ቅመም ሲሆን፣ በቅዱስ ቁርኣን በ76ኛው ምዕራፍ የገነት መጠጥ ማጣፈጫ ሆኖ ተጠቅሷል። በ16ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ስፔናውያን ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ወስደው ተክለውታል፤ ጃማይካም በዝንጅብሏ ስሟ የታወቀ ሆነ። በሁሉም ቦታ የተደረገው አንድ ነው፤ ዓይን ያለበት ቁራጭ በጆንያ ተጭኖ ሄዶ አፈር ውስጥ ገባ።

የደቡብ ቆላማ ቀበሌዎችና ሐዋሳ

ዝንጅብል ሙቀትና በቂ ዝናብ ይፈልጋል። ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,500 ሜትር ባለው መሬት ይስማማዋል፤ ውኃ የማይቋጥር ለም አፈርም ይወዳል። በአብዛኛው በበልግ ዝናብ ተተክሎ ስምንትና ዘጠኝ ወር ቆይቶ በበጋው ይወጣል። በእነዚህ ምክንያቶች ሰብሉ በወላይታ ቦሎሶ ቦምቤና አካባቢው፣ በከምባታና ጠምባሮ በተለይም በሀደሮና ጡንጦ፣ በዳውሮ፣ እንዲሁም በሸካ፣ በቤንችና በካፋ ቆላማ ስፍራዎች ተስፋፍቷል።

በእነዚህ አካባቢዎች የአንድ ቤተሰብ መሬት ጠባብ ነው፤ ብዙው ከአንድ ሄክታር በታች ነው። ለምግብ እንሰት፣ ጎደሬ፣ ስኳር ድንችና በቆሎ ይተከላል። ዝንጅብል ግን የተተከለው ለገንዘብ ነበር። የልጅ ደብተርና የደንብ ልብስ፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመሬት ግብር፣ የቆርቆሮ ቤት፣ የጥጃ መግዣ ከዝንጅብሉ ይወጣ ነበር። ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ዋጋ ሲወርድ አርሶ አደሩ ሳያወጣው መሬት ውስጥ ሊያቆየው ይችላል። ሳይነቀል የሚቀመጥ የቁጠባ ሣጥን ነበር ማለት ይቻላል።

ሐዋሳ ራሷ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ለዝንጅብል ምቹ ከሚባለው ትንሽ ከፍ ትላለች። ከተማዋ የምትጠቀመው ዝንጅብል በአብዛኛው ከምዕራብ በኩል፣ በሶዶ፣ በሀላባና በሻሸመኔ መንገድ የሚመጣ ነው። ይሁን እንጂ ሐዋሳ ለሰብሉ ገበያ ብቻ አልነበረችም። በ1968 ዓ.ም. የተከፈተው የግብርና ኮሌጅ፣ ኋላም የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው፣ በየወረዳው የተሠማሩ ባለሙያዎችን አፍርቷል። ከተማዋ እስከ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆና በቆየችበት ጊዜ የክልሉ ግብርና ቢሮና የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩቱ ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ነበሩ። ብዙም ሳይርቅ መዓዛማና የመድኃኒት ተክሎችን የሚያጠናው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። ስለ ዝንጅብል የሚወሰን ነገር በሐዋሳ ቢሮዎች ይወሰን ነበር፤ ዝንጅብሉም በሐዋሳ ፒያሳ ይጠጣ ነበር።

ለቅመማ ቅመም ምርምር ዋናው ማዕከል ግን በሸካ ዞን የሚገኘው የቴፒ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ማዕከሉ በ2007 እ.ኤ.አ. ያሊና ቦዚአብ የተባሉ ሁለት የተሻሻሉ የዝንጅብል ዝርያዎችን ለቋል።

ምርቱ የሚሸጠው እርጥቡን ወይም ደርቆ ነው። ከ100 ኩንታል እርጥብ ዝንጅብል የሚገኘው ደረቅ ከ20 ኩንታል ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ማድረቅ ዋጋ ያለው የሚሆነው ጥራቱ ሲጠበቅ ነው። በባዶ መሬት ላይ የተሰጣ ዝንጅብል አፈር ይይዛል፤ ዝናብ ሲነካው ይሻግታል፤ ነጋዴም ዋጋ ለመስበር ምክንያት ያገኛል። ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ወይም በንጹህ ሸራ ላይ የደረቀው ግን መዓዛውን ይዞ ይቆያል።

የ2004 ዓ.ም. ወረርሽኝ

በ2004 ዓ.ም. ክረምት (በ2012 እ.ኤ.አ.) የዝንጅብል ማሳዎች መጠውለግ ጀመሩ። መጀመሪያ የታችኞቹ ቅጠሎች ጠርዛቸው ቢጫ ሆኖ ይጠቀለላሉ። ቀጥሎ ተክሉ በሙሉ ይደርቃል፤ ግንዱም ከሥሩ በቀላሉ ይነቀላል። መሬት ውስጥ ያለው ክፍል ይበሰብሳል፤ ሲጫኑት ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፤ ሽታውም መጥፎ ነው። በሽታው በፍጥነት ከማሳ ወደ ማሳ፣ ከወረዳ ወደ ወረዳ ተዛመተ። በብዙ ማሳዎች ለመሰብሰብ የተረፈ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ለዘር ያወጣውን ገንዘብ ሳይመልስ ዕዳ ላይ የወደቀው አርሶ አደር ብዙ ነው። እንደ ቁጠባ ሣጥን መሬት ውስጥ የተቀመጠውም እዚያው በሰበሰ።

ምክንያቱ ራልስቶኒያ ሶላናሲየረም የተባለ ባክቴሪያ መሆኑ በምርምር ተረጋግጧል። ባክቴሪያው በሥር ወይም በቁስል በኩል ገብቶ ተክሉ ውኃ የሚያሳልፍባቸውን ቧንቧዎች ይደፍናል። የደቡብ አርሶ አደር የእንሰት አጠውልግን ለረጅም ጊዜ ስለሚያውቅ ይህንንም አጠውልግ ብሎ ሊጠራው ይችላል። የእንሰቱ ግን ዛንቶሞናስ በተባለ ሌላ ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። በማሳ ላይ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ከታመመው ተክል ግንድ ጥቂት ቆርጦ ንጹህ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አፉን አስነክቶ መያዝ ነው። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነጭ ክር መሳይ ነገር ወደ ውኃው ከወረደ የባክቴሪያው ምልክት ነው።

ወረርሽኙን ያፋጠነው ምን እንደሆነ ለመረዳት ስለ ዘሩ ማሰላሰል ይጠቅማል። አንድ ሄክታር መሬት 20 ኩንታል ያህል የዘር ዝንጅብል ይፈልጋል። እያንዳንዱ ቁራጭ 25 ግራም ቢሆን 80 ሺህ ቁራጭ ማለት ነው። ቁራጩ ሁሉ የቢላዋ ቁስል አለበት። ከታመመ ማሳ የወጣ ዘር ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ባክቴሪያውን ግን በውስጡ ይዞ ይሄዳል። ዘሩ የሚገኘው ከጎረቤት፣ ከዘመድ ወይም ከገበያ ነበር፤ ከየትኛው ማሳ እንደወጣ የሚጠይቅም አልነበረም። ነጋዴ ከአንዱ ወረዳ የገዛውን ለሌላው ወረዳ ለዘር ይሸጣል። ያ ሲሆን አንድ የታመመ ማሳ ብዙ ቀበሌ ይደርሳል። ጎርፍ፣ የዶማና የቢላዋ አፈር፣ የሰውና የከብት እግር ቀሪውን ሥራ ይሠራሉ።

የተሻሻሉት ዝርያዎችም አላመለጡም። በሽታውን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚቋቋም የዝንጅብል ዝርያ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ለአርሶ አደር አልቀረበም። በፍሬ የሚራባ ሰብል ቢሆን አዳቅሎ የሚቋቋመውን መምረጥ ይቻል ነበር። ዝንጅብል ግን ፍሬ ስለማይሰጥ ይህ መንገድ ከሞላ ጎደል ዝግ ነው። አንዴ የታመመን ተክል የሚያድን ኬሚካልም የለም።

በሌላው ዓለምስ?

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በዓለም ከፍተኛውን ዝንጅብል የምታመርተው ህንድ ከዚሁ ባክቴሪያ ጋር ለብዙ አሥርት ዓመታት ስትታገል ኖራለች። በኬረላ፣ ኮዚኮድ የሚገኘው የህንድ ቅመማ ቅመም ምርምር ኢንስቲትዩት ከሚሠራባቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው። በአፍሪካ ቀዳሚ አምራች የሆነችው ናይጄሪያም በ2023 እ.ኤ.አ. በደቡብ ካዱና በተነሳ ሌላ የዝንጅብል በሽታ አርሶ አደሮቿ ከባድ ኪሳራ ደርሶባቸዋል። በሽታዎቹ ቢለያዩም መነሻው ይመሳሰላል፤ በቁራጭ የሚራባ ሰብል፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ዘር፣ በየዓመቱ በዝንጅብል የሚሸፈን መሬት።

በሀገራችን ከተሞከሩት መፍትሔዎች ተስፋ የሚሰጠው በቤተ ሙከራ ከሕብረ ሕዋስ ንጹህ ችግኝ ማባዛት ነው። በጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በያሊና በቦዚአብ ዝርያዎች ላይ ጥናት ተደርጎ ማባዛት እንደሚቻል ታይቷል። ሆኖም ንጹህ ችግኝ በታመመ አፈር ላይ ከተተከለ ውጤቱ ያው ነው። ንጹህ ዘርና ንጹህ መሬት አብረው ካልሄዱ አንዱ ሌላውን አያድነውም።

የማኅበራት ድርሻ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 በ1991 ዓ.ም. ሲወጣ መሠረታዊ ማኅበራት ተሰባስበው ዩኒየን የሚያቋቁሙበት መንገድ ተከፈተ። በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል። በእነዚህ ዓመታት ዩኒየኖች ይበልጥ የታወቁት በማዳበሪያ ስርጭት፣ በእህልና በቡና ግብይት ነው። የዝንጅብል ታሪክ ግን ሌላ ሥራ ያሳያል። አንድ አርሶ አደር ብቻውን ማሳውን ሊያጸዳ ይችላል፤ ጎረቤቱ የታመመ ዘር ከገዛ ግን የአንዱ ድካም በጎርፍ ይታጠባል። ዘር የጋራ ነው፤ በሽታውም የጋራ ነው። የጋራ የሆነውን ነገር የሚጠብቅ ደግሞ የጋራ ድርጅት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ለገበያ ብቻ የተነገረ አይደለም።

ዝንጅብል እንደገና ለማልማት ለሚያስቡ መሠረታዊ ማኅበራት የሚከተሉት ነጥቦች ከታሪኩ የተገኙ ትምህርቶች ናቸው፦

አንደኛ፣ ዘር ከየት እንደመጣ መዝገብ መያዝ። የማሳው ባለቤት፣ ቀበሌውና የተነቀለበት ወር በማኅበሩ ደብተር ይመዝገብ። ምንጩ ያልታወቀ ዘር ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው።

ሁለተኛ፣ የዘር ማባዣ ማሳን ለይቶ መጠበቅ። ማሳው ዝንጅብል ያልነካው፣ ከጎርፍ መንገድ የራቀና የታጠረ ይሁን። በክረምቱ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ይጎብኝ። የታመመ ተክል ከተገኘ ከነአፈሩ ተነቅሎ ይወገድ፤ ከዚያ ማሳ የወጣውም ለዘር አይዋል።

ሦስተኛ፣ ሰብል ማፈራረቅ። በታመመ መሬት ላይ ለተከታታይ ዓመታት በቆሎ፣ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራ። ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬና እርድ ግን ለባክቴሪያው መጠለያ ሊሆኑ ስለሚችሉ በተከታታይ አይተከሉ።

አራተኛ፣ መሣሪያን ማጽዳት። ዶማና ቢላዋ ከማሳ ወደ ማሳ ሲዘዋወሩ ይታጠቡ፤ የዘር መቁረጫ ቢላዋም በየጊዜው በበረኪና ይነከር።

አምስተኛ፣ ጥርጣሬን ወዲያውኑ ማስታወቅ። በሽታ የተገኘበት አርሶ አደር እንዳያፍርና እንዳይደብቅ ማኅበሩ ሊደግፈው ይገባል። የተደበቀ በሽታ ለዘር ተሽጦ ሌላ ቀበሌ ይገባል።

ለወረዳና ለዞን ኃላፊዎችም ጉዳዩ የድንበር ጥያቄ ሆኗል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የቀድሞው የደቡብ ክልል በሂደት ተከፋፍሎ፣ ዝንጅብል አብቃይ አካባቢዎች ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በማዕከላዊ ኢትዮጵያና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልሎች ውስጥ ይገኛሉ። ሐዋሳ ደግሞ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። ባክቴሪያው ግን የክልል ወሰን አያውቅም። ዘር ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ሲጫን የሁለቱም ግብርና መሥሪያ ቤቶች መነጋገር ይኖርባቸዋል። የሁለቱ ወገን ዩኒየኖችም በዘር ምንጭ ላይ መረጃ ቢለዋወጡ ሥራው ይቀላል።

ወረርሽኙ ሰብሉን ከሀገር አላጠፋውም። ዝንጅብል አሁንም ይተከላል፣ ይሸጣል፣ ይጠጣልም። ይሁንና እንደ ቀድሞው አምኖ መሬቱን ሁሉ የሚሰጠው አርሶ አደር ጥቂት ነው፤ ይህ ጥንቃቄም ተገቢ ነው። የህንድ ሊቃውንት ለሁሉ የሚሆን መድኃኒት ያሉት ተክል ለራሱ በሽታ መድኃኒት የለውም። ዋናው መከላከያ ንጹህ ዘር ነው፤ ንጹህ ዘርን ደግሞ የሚያቆየው የአባላት ሐቀኝነትና የማኅበሩ መዝገብ ነው። ውድ አባላት፣ በመጪው የበልግ ተከላ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ዝንጅብል ከማን ማሳ ወጣ?

መልካም የምሥረታ በዓል!